አዲስ አበባን ለማየት ስንነሳ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለመጽሔት የተሰናዳ)

  

የዛሬው ርዕሳችን ከአንዲት የደብረ ብርሃን እናት በደረሰን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠያቂያችን የሚሉት በአጭሩ ይህን ነው። ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቂት ጥቂት አጠራቅመው ልጆቻቸውንና በዕድሜ የገፉ እናታቸውን አዲስ አበባ ወስደው ሊያሳዩ አስበዋል። እናትየው ከተማዋን አይተዋት አያውቁም፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ልጆቹ ማየት የሚፈልጉትን ሲዘረዝሩ ወረቀቱ ሞልቷል። ለጉብኝቱ ያላቸው ሦስት ቀን ብቻ ነው። አንዳንድ ዘመዶቻቸው ደግሞ «ይህን ገንዘብ ለዙረት ማውጣት ኢስራፍ ነው» ብለዋቸዋል። እንግዲህ ምን ይሻላል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ይዞ ሄዶ፣ ደክሞና ተኮራርፎ፣ ሰላቱንም አዛብቶ የሚመለሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ ሳይመክርበት ስለሚነሳ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንመልከተው።

ጉብኝት ኢስራፍ ነውን?

በመጀመሪያ ለዘመዶቻቸው መልስ እንስጥ። በምድር ላይ ተጉዞ የአላህን ፍጥረት መመልከትና ካለፉት ሕዝቦች ፍጻሜ መማር ቁርኣን በተደጋጋሚ የሚያነሳው ጉዳይ ነው። ሱረቱል ሐጅንና ሱረቱል ዐንከቡትን አስተውሎ የቀራ ሰው ያገኘዋል። ስለዚህ ጉብኝት በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ኢስራፍ የሚሆነው ከአቅም በላይ ሲወጣበት፣ ተበድረው ሲሄዱበት፣ የቤቱ አስቤዛ ወይም የሰው ሐቅ ጎድሎ ሲነሱበት፣ ወይም ለወሬና ለታይታ ሲሆን ነው። ዕዳ የሌለበት፣ የቤቱን ቀለብ ያልነካ፣ አሮጊት እናትን ለማስደሰትና ልጅን ለማስተማር የታሰበ ጉዞ ግን ኒያው ከተስተካከለ ምንዳ የሚገኝበት በጎ ሥራ ነው። ወላጅን በሕይወት እያሉ ማስደሰት ነገ ከሞቱ በኋላ የማይገኝ ዕድል ነው።

ኒያው ሲስተካከል ደግሞ የጉዞው መለኪያ አብሮ ይስተካከላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስን (ረ.ዐ) ለወገኖቻቸው ኢማም አድርገው ሲሾሟቸው፣ ከሚሰግዱት መካከል ደካማ የሆነውን ሰው ግምት ውስጥ እንዲያስገቡ አዘዋቸዋል። ኢማም ሰላቱን የሚለካው በጠንካራው ጎረምሳ ሳይሆን ከኋላው ባለው ሽማግሌ ነው ማለት ነው። ሰላትን ያህል ዒባዳ በደካማው አቅም የሚለካ ከሆነ፣ የከተማ ጉብኝት በምን ይለካ? በጠያቂያችን ቤት ደካማዋ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ናቸው። በሌላው ቤት ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ወይም ስኳር ያለበት አባት ሊሆን ይችላል። የዛሬው ምክራችን ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው፦ የጉዞውን ዕቅድ በደካማው ሰው ጉልበት እንለካ።

ከተማዋ ለምን እንዲህ ተዘረጋች?

ዕቅድ ለማውጣት የከተማዋን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ አንድ መሐል ኖሯት በዙሪያው ያደገች ከተማ አይደለችም። ታሪኳ ደግሞ ከእኛው አካባቢ ይነሳል። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸው አንኮበር ነበር። ከአንኮበር ሥር በቆላው በኩል ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚገበያዩባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ተራራ ዞረ፤ በ1879 ዓ.ም ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፍል ውሃው አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸው በየኮረብታው ሰፈሩ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ፣ ገደልና ሜዳ ነበረ። እስከ ዛሬ የምንሰማቸው ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው።

ትልቁ ገበያ በፊት የነበረው በአራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ቦታ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ወራሪው መንግሥት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አቋቋመው፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በከተማዋ ዳር ዳር ሲሠሩ ሕዝቡ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ፈሰሰ። ዛሬ ከተማዋ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ ስፋቷም ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት «አዲስ አበባን አየሁ» ለማለት ሁሉንም ጥግ መርገጥ እንደማይቻልና እንደማያስፈልግ ነው። ለጎብኚ የሚጠቅመው ከተማዋን በሦስት ወገን ከፍሎ ማሰብ ነው። አንደኛው ወገን ሰሜኑ ነው፤ እንጦጦ፣ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎና ፒያሳ። ሁለተኛው ምዕራቡ፣ መርካቶና ዙሪያው ነው። ሦስተኛው ደቡቡና ምሥራቁ ነው፤ መስቀል አደባባይ፣ ስታዲየም፣ ቦሌ። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ቀን አንድ ወገን። ጠዋት መርካቶ፣ ቀትር ላይ ቦሌ፣ ከሰዓት እንጦጦ የሚል ቤተሰብ ቀኑን የሚጨርሰው በታክሲ ሰልፍ ነው። ያየውን ሲጠየቅም የሚያስታውሰው የታክሲ ወንበር ነው።

ከቤት ሳንወጣ የሚያልቁ ሥራዎች

በአላህ መመካት ግመሉን አስሮ እንጂ ፈትቶ አይደለም። ስለዚህ ከመነሳት በፊት የሚከተሉት አምስት ነገሮች ይለቁ።

አንደኛ፣ ወቅቱና ቀኑ። ትምህርት ቤት በክረምት ስለሚዘጋ ብዙ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄዳል። ግን ያ የዝናብ ወቅት ነው፤ ለአሮጊት ጉልበትም ሆነ ለሕፃን ጭቃና ጎርፍ አይመችም። የሚቻል ከሆነ በዓመቱ አጋማሽ ባለው የተማሪዎች ዕረፍት መሄድ ይሻላል። ክረምት ብቻ የሚመች ከሆነ ደጅ የሚታየውን ጠዋት፣ ጣራ ሥር የሚታየውን ከሰዓት ማድረግ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ደግሞ ሰኞ ተጉዞ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ መጎብኘት፣ ዓርብ ማለዳ መመለስ መልካም ነው። ከጉብኝት ቦታዎች ሰኞ የሚዘጉ አሉና ሰኞን ለመንገድ ብናውለው አንከስርም። እሑድ ደግሞ የመርካቶ ሱቆች አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ዓርብ በማለዳ የተነሳ ሰው መንገዱ ሰላም ከሆነ ለጁሙዓ ደብረ ብርሃን ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ አሚር መሰየም። ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በቤተሰብ ጉዞ የሚነሳ ጠብ ሁሉ «ወዴት እንሂድ» ከሚል ነውና ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። አባወራው አሚር ቢሆን ያማክር፤ ልጆቹ ካዘጋጁት ረጅም ዝርዝር እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ ብቻ ይምረጡ። እናትየውም ይጠየቁ። ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎችን «የት ልናሳይዎት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምናልባት እሳቸው የሚፈልጉት ሙዚየም ሳይሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ በስም የሚሰሙትን አንዋር መስጅድን አይቶ ሁለት ረከዓ መስገድ፣ ወይም ለዓመታት ያላዩአትን የእህታቸውን ልጅ ማግኘት ሊሆን ይችላል። ከተማው ከተወሰነ በኋላ አሚሩ በመልካም ነገር ይታዘዝ።

ሦስተኛ፣ ማረፊያ። ከደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ አድርጎ ከተማዋን በምሥራቅ በኩል ይገባና ላምበረት መናኸሪያ ያወርዳል። ቀደም ብለው የተጓዙ ሰዎች የሚያስታውሱት መርካቶ ያለውን አውቶቡስ ተራ ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ። ላምበረት ከመገናኛ ቅርብ ነው፤ ከመገናኛ ደግሞ ወደ ብዙ አቅጣጫ ታክሲና አውቶቡስ ይገኛል። እንግዲህ የሚያሳድራችሁ ዘመድ የካ አባዶ ከሆነ በመጣችሁበት በኩል ነው፤ ጀሞ ከሆነ ግን ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ አለባችሁ። ሁለት ዘመድ ካላችሁ ለምታዩት ወገን የሚቀርበውን ምረጡ፣ ሌላውን ደግሞ ለዚያራ ሂዱበት። ለእናትየው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው አራተኛ ፎቅ በቀን ሁለት ጊዜ መውጣት ከጉብኝቱ ሁሉ የከፋ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘብ። ያለው ገንዘብ ከመነሻው በአራት ይከፈል፦ የትራንስፖርት፣ የምግብ፣ የመግቢያና የስጦታ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመመለሻው ተነጥሎ በአንድ ሰው እጅ እንደ አማና ይቀመጥ፤ መርካቶ ላይ የሚያምር ጨርቅ ቢታይም አይነካም። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቀደም ብሎ ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ጠይቆ ይንገራችሁ። በብዙ ቦታ በቴሌብር መክፈል ስለሚቻል ብዙ ጥሬ ብር ይዞ መዞር አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ መንገዱ። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰላም ጊዜ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ወይም የሚያሰጋበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በዋዜማው ከሾፌሮችና በዚያው ሰሞን ከተጓዙ ሰዎች ጠይቁ። ቀን በቀን ተጓዙ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያደርስ መኪና ካልተገኘ እደሩ። አዋቂዎች ሁሉ የታደሰ መታወቂያ ይያዙ። መንገዱ አስጊ ነው ከተባለ ጉዞውን ማዘግየት ፍርሃት አይደለም፤ ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓው ዓላማዎች አንዱ ነው። የተጠራቀመው ገንዘብ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

ሦስቱ ቀናት

አሁን ወደ ከተማዋ እንግባ። የምናቀርበው ለናሙና ነው፤ ሁሉም እንደየቤቱ ሊያስተካክለው ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ለሰሜኑ ወገን ይሁን። ከተማው ውስጥ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሠራተኛውና ተማሪው ስለሚጎርፍ ታክሲ መያዝ ጭንቅ ነው። እናትን በግፊያ ከማሰቃየት ቁርስን ረጋ ብሎ በልቶ ከ3 ሰዓት በኋላ መውጣት ይሻላል። አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። በ1967 ዓ.ም ኅዳር ወር በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታየው እዚህ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ፤ ለተመልካች የሚቀርበውም ቅጂው ሲሆን ዋናው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ይጠበቃል። ልጆች እዚህ ቦታ ጥያቄ እንደሚያነሱ እወቁ። «አባዬ፣ እኛ የአደም ልጆች አይደለንም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይገሰጽ፣ ዝም በልም አይባል። ስለ አደም (ዐ.ሰ) አፈጣጠር ያለን እምነት ከቁርኣን የመጣ ጽኑ እምነት መሆኑን፣ ሙዚየሙ ደግሞ ሰዎች ከምድር ያገኙትንና ስለ እሱ የደረሱበትን አስተያየት የሚያሳይ ቦታ መሆኑን በእርጋታ ንገሩት። ጥያቄው ከበለጠባችሁ ጽፎ ይያዘውና ስትመለሱ ወደ መድረሳ ኡስታዙ ይምጣ። ልጅ የሚጎዳው በመጠየቁ ሳይሆን የሚመልስለት ሰው በማጣቱ ነው።

ጉልበት ያላቸው ልጆች ካሉ አባት እነሱን ይዞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሊያሳይ ይችላል። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረ ነው። ተቋሙ ከሌሎች የአገራችን ብራናዎች ጋር ዑለሞቻችን በዐረብኛና በዐጀም የጻፏቸውን ጥንታዊ ጽሑፎችም ያስቀምጣል። ልጆቻችን የአያቶቻቸው ኪታብ በአገር ቅርስነት የተያዘ መሆኑን ቢያውቁ ትልቅ ነገር ነው። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለፈጸሙት ጭፍጨፋ መታሰቢያ ነው። እናትየው ግን እስከዚያ ከምራታቸው ወይም ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየት የለበትም።

ዙህር 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚገባ ከዚያ በፊት ታክሲ ይዛችሁ ፒያሳ ውረዱ። በተለምዶ በኒ የሚባለው ኑር መስጅድ እዚያ ነው። ከሰላትና ከምሳ በኋላ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ፒያሳ ስለሆነ ሌላ ጉዞ አይጠይቅም። አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የፒያሳና የአራት ኪሎ ብዙ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል፣ መንገዶችም ተቀይረዋል። «እኔ ፒያሳን አውቀዋለሁ» የሚል የቆየ መንገደኛ ቢኖር እንኳ እንደ አዲስ ይጠይቅ። ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ማረፊያችሁ ተመለሱ። ከ11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል።

ሁለተኛው ቀን ለመርካቶ ይሁን። መርካቶ የታወቀችው በዕቃ ብዛት ብቻ ሳይሆን በአሠራሯ ነው። ሁሉም ዕቃ የየራሱ ተራ አለው፦ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ እየተባለ ይጠራል። ምናለሽ ተራ ልጆችን ማሳየት ጥሩ ነው። ሰው የጣለውን ቆርቆሮ፣ ጎማና ጀሪካን የእጅ ባለሙያዎች ቀጥቅጠውና ቆርጠው መልሰው ዕቃ ሲያደርጉት ያያሉ፤ ይህ ኢስራፍን በመቃወም ከመቶ ምክር የበለጠ ትምህርት ነው። ግን መርካቶ ሁሉም የሚገባባት ስላልሆነች እዚህም በደካማው እንለካ። ጠዋት ሁላችሁም ታላቁ አንዋር መስጅድ ሂዱ፤ እናትየው የሚመኙትን ሁለት ረከዓ ይስገዱ፣ ይረፉ። ከዚያ አንድ ሰው ከእሳቸውና ከትንንሾቹ ጋር ቀርቶ ሌላው የሚገዛውን ገዝቶ ይመለስ። የሚገዛው ነገር ከቤት ተጽፎ የመጣ ይሁን። ዋጋ ሳይጠይቁና ሳያነጻጽሩ በመጀመሪያው ሱቅ መግዛት አይገባም። ሞባይልና ገንዘብ በውስጥ ኪስ ይሁን። መንገድ ላይ የወደቀ ወርቅ አብረን እንካፈል የሚል፣ ወይም ዕቃ ልያዝልዎ ብሎ የሚጠጋ ሰው ከመጣ ሳትቆሙ እለፉ።

ሦስተኛው ቀን አንድ ምርጫ ብቻ ይኑረው። ልጆቹ እንስሳትና ታሪክ ካሉ በመስከረም 2012 ዓ.ም የተከፈተው፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው አንድነት ፓርክ አለ። አየርና ዛፍ ካሉ ከተማዋን ከላይ የሚያሳየው እንጦጦ ፓርክ አለ። እንጦጦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዳም ነው፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ግን ብርድ እንግዳው አይደለም፣ ጋቢውን ይዞ ይውጣ። ሁለቱም ግቢዎች ሰፊ ናቸው፣ ብዙ ያስኬዳሉ። ስለዚህ መኪና እስከየት እንደሚገባ፣ መቀመጫ የት እንዳለ በር ላይ ጠይቃችሁ አሮጊቷን ጥሩ እይታ ባለበት አንድ ቦታ አስቀምጣችሁ ልጆቹ ይዙሩ። ከሰዓት በኋላው ሙሉ በሙሉ ለዘመድ ዚያራ ይሁን። ሲለቱ ረሒም በተረፈ ሰዓት የሚደረግ ሳይሆን በዕቅዱ ውስጥ የራሱ ቦታ የሚሰጠው ጉዳይ ነው።

«ቦሌስ? ባቡሩስ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘረጋ መስመር አለው፤ ሰዓቱን ጠይቃችሁ መንገዳችሁ ከሆነ ተሳፈሩበት፣ ከተማዋን በመስኮት ያሳያችኋል። ካልሆነ የቀረው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የቀረ ነገር ቢኖር ጉዞው ጎደለ ማለት አይደለም።

ሰላት በጉዞ ላይ

ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት አብዛኞቹ ዑለሞች ለቀስር ከወሰኑት ርቀት በላይ ነው። ስለዚህ የከተማችንን ቤቶች አልፈን ከወጣን ጀምሮ ባለ አራት ረከዓ ሰላቶችን ሁለት ሁለት አድርገን እንሰግዳለን፤ መግሪብና ሱብሒ አይቀነሱም። በሻፊዒይ መዝሀብ የገባንበትና የምንወጣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ ካላሰብን ሙሳፊር እንደሆንን እንቆያለን። ከላይ የዘረዘርነው ጉብኝት ሦስት ሙሉ ቀን ስለሆነ በዚህ ውስጥ ይገባል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ወሰኑ 15 ቀን ነው። የከተማው ነዋሪ በሆነ ኢማም ኋላ ስንሰግድ ግን እንደ እሱ ሙሉውን አራት እንሰግዳለን። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ አጣምሮ መስገድ በሻፊዒይ መዝሀብ ለሙሳፊር የተፈቀደ ነው፤ ሐነፊዮች ይህን ስለማያደርጉ እያንዳንዱ የተማረበትን ይከተል፣ በመንገድ ላይ ክርክር አይነሳ።

ተግባራዊው ነገር የቀኑን ዕቅድ ዙህር ላይ መስጅድ አጠገብ እንዲያደርሰን አድርጎ ማውጣት ነው። ፒያሳና መርካቶ ለዚህ ይመቻሉ። ወደ ፓርክ በምትሄዱበት ቀን ግን የት እንደምትሰግዱ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ውዱእ አድርጋችሁ ውጡ፣ ቀለል ያለ መስገጃ ያዙ። የሴቶች መስገጃ በየትኛው በር እንደሆነ ስትደርሱ ወዲያው ጠይቁ።

ምግብና የልጆች ጥበቃ

በፒያሳና በመርካቶ መስጅዶች ዙሪያ የሙስሊም ምግብ ቤቶች አሉ፤ በሌላው ቦታ ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ከቤት ስንቅ መያዝ ነው። የደብረ ብርሃን ገብስ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ሦስት ቀን አይበላሽም፤ ለኪስም ይቆጥባል፣ ልጆችም በየሱቁ ደጃፍ አያለቅሱም። የእናትየው መድኃኒት በሻንጣ ሥር ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ልጅና ለእናትየው የአባትን ስልክና የማረፊያውን ሰፈር የጻፈ ወረቀት ኪሳቸው ይግባ። ሰፈሩ ሲጻፍ ታዋቂ ምልክቱ አብሮ ይጻፍ፤ በአዲስ አበባ ሰው የሚጠቋቆመው ከመንገድ ስም ይልቅ በሚታወቅ ሕንፃ፣ በመስጅድ ወይም በአደባባይ ነው። ልጆች ከተነጣጠሉ ፍለጋ እንዳይሮጡ፣ ባሉበት ቆመው ሴት ባለሱቅ ወይም ፖሊስ እንዲጠይቁ ከቤት አስጠኗቸው።

በዘመድ ቤት

የከተማ ዘመዳችን ቤት ጠባብ፣ ኪራዩም ውድ መሆኑን አንርሳ። «ገጠር ሲመጡ በግ እናርዳለን፣ እኛ ስንሄድ ፊታቸው ይጠቁራል» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የጠቆረው ፊቱ ሳይሆን ኪሱ ነው። ሳይነግሩ አምስት ሆኖ ከበር መድረስ አማናን መጠበቅ አይደለም። ቀድማችሁ ደውሉ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ተናገሩ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳን መስተንግዶ በሦስት ቀን ወስነው፣ እንግዳም ባለቤቱን እስኪያስቸግር እንዳይቆይ አስተምረዋል። ባዶ እጅ አትሂዱ፤ ቅቤ፣ የገብስ ዱቄት፣ በሶ ለከተማ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። ከቤት ስትወጡ ፍራሹን አጣጥፋችሁ፣ ልጆቹ ያቆሸሹትን አጽድታችሁ ውጡ።

ለጠያቂያችን እናት እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ሂዱ፣ አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ከተሞላው ወረቀት ላይ ግን በእናትዎ ጉልበት የሚቻለውን አስቀርታችሁ ሌላውን ሰርዙት። ልጆቹ አዲስ አበባ ላይ የሚማሩት ትልቁ ነገር ሕንፃው ላይሆን ይችላል። አባታቸው አያታቸውን ጠብቆ ቀስ ብሎ ሲራመድ ካዩ፣ ነገ እናንተም ስታረጁ እንዲሁ ቀስ ብለው ይራመዱላችኋል። የሙሳፊር ዱዓ ተቀባይነት ካላቸው ዱዓዎች አንዱ ነውና በመንገዳችሁ ላይ ለአገራችን ሰላም፣ ለእኛም ዱዓ አድርጉልን።

ወሏሁ አዕለም።